ለጥቂት ከሳተ ቀለም በግልጽ የተለየው ይሻላል

የቤት እድሳት ሊጠናቀቅ ሲቃረብ አንድ የታወቀ ቅሬታ ይነሳል። በናሙናው ክሬም የነበረው ላሚኔት (የሰሌዳ ልባስ) ቁም ሳጥኑ ላይ ሲገጠም ቢጫ ሆነ፤ ነጩ ግድግዳ ከነጩ በር አጠገብ የቆሸሸ መሰለ፤ ከአንድ ጣሳ የወጣ ቀለም ሳሎኑና ኮሪደሩ ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ታየ። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ቀለም ቀቢውን ወይም ሻጩን ይወቅስና ግድግዳውን እንደገና ያስቀባል። ይህ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተቀባ ሁለተኛ ቀለም የመጀመሪያውን ችግር ይዞ ይመጣልና።

ቅድሚያ መመርመር ያለበት ብርሃኑ ነው። የአምፖል ካርቶን ላይ በኬልቪን፣ ማለትም በብርሃን ቀለም መለኪያ፣ የተጻፈ ቁጥር አለ። 2700 ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ብርሃን ነው፤ 4000 መካከለኛ፣ 6500 ደግሞ ሰማያዊነት ያለው ቀዝቃዛ ብርሃን። ያው ግራጫ ግድግዳ በ2700 ቡናማ ቡናማ ይላል፣ በ6500 ሰማያዊ ይመስላል። ሁለተኛው ቁጥር ሲአርአይ የሚባለው ነው፤ አምፖሉ ቀለማትን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ይናገራል፣ ከፍተኛው 100 ነው። 80 አካባቢ ያሉ ብዙ ኤልኢዲ አምፖሎች ደማቅ ቀይን ስለሚያደበዝዙ እንጨትና ቀላ ያለ ድንጋይ በእነሱ ስር የደረቀ መልክ ይይዛሉ። ቀለም ከመግዛት በፊት ክፍሉ ውስጥ የሚቀሩትን አምፖሎች፣ ቢቻል 90 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ መግጠም ያስፈልጋል። የተበላሸ የመሰለው ቀለም አምፖል በመቀየር ብቻ የሚስተካከልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ሜታመሪዝም የሚባለው ነው፦ ሁለት ዕቃዎች በአንድ ብርሃን ስር ፍጹም ተመሳስለው በሌላው ይለያያሉ። የቁም ሳጥኑ ላሚኔትና የግድግዳው ቀለም አንድ መልክ ያገኙት ከተለያዩ ማቅለሚያዎች ቅይጥ ስለሆነ የብርሃኑ ዓይነት ሲቀየር አንዱ ከሌላው ተለይቶ ይወጣል። ሱቅ ውስጥ በጣሪያ መብራት የተጋጠሙት ቤት ውስጥ በመስኮት ብርሃን ይጣላሉ። ይህን በቅድሚያ ለመያዝ ናሙናዎቹን አንድ ላይ አድርጎ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ መብራት በርቶ ማየት ያሻል። የወለሉ ናሙና መሬት ላይ ተጋድሞ፣ የግድግዳው ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታይ፤ እጅ ላይ ተይዞ የታየ ናሙና ብርሃኑን የሚቀበልበት አቅጣጫ ስለሚለይ ያሳስታል።

የአንጸባራቂነት ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋ ይመስለኛል። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ ግድግዳው ማት (የማያብረቀርቅ)፣ የበሩ ፍሬም ግሎስ (የሚያብረቀርቅ) ከሆነ ሁለት ቀለም መምሰላቸው አይቀርም። ማት ገጽ ብርሃንን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትን ፈዘዝ ብሎ ይታያል። አንጸባራቂው ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ስለሚመልስ፣ ከዚያ ወገን ውጪ ለቆመ ሰው ጠቆርና ጠለቅ ይላል። ስንጥቅ ተደፍኖ በላዩ ከተቀባ በኋላ የሚታየው ነጠብጣብም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ይመጣል፦ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ያልተቀባ ስቱኮ (የስንጥቅ መድፈኛ) የቀለሙን ማጣበቂያ ይመጥጠውና ያ ቦታ ደብዝዞ ይቀራል። መለያው ቀላል ነው። ነጠብጣቡ ፊት ለፊት ሲታይ ከጠፋና ከጎን ሲታይ ከመጣ ችግሩ የአንጸባራቂነት ነው፤ ሌላ ቀለም ማስበጥበጥ አይጠቅምም። የተደፈነውን ቦታ ፕራይመር መቀባት፣ ከዚያም ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ሮለር ሳያቋርጡ መቀባት መፍትሔው ነው።

ለመፍረድም መቸኮል አይገባም። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም እርጥብ ሳለ ማጣበቂያው እንደ ወተት ስለሚነጣ ፈዘዝ ይላል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። የሴራሚክ መጋጠሚያ የሚሞላበት ግራውት ተቃራኒው ነው፤ እርጥቡ ጠቆር ይልና ሲደርቅ ይነጣል። ግራውቱ በየባልዲው በተለያየ የውሃ መጠን ከተቦካ ወይም በጣም በራሰ ስፖንጅ ከታጠበ ደግሞ እዚህ ነጭ እዚያ ጥቁር ይሆናል። ውሃው በግምት ሳይሆን በመለኪያ ይጨመር።

ትንሿ የቀለም ካርድም አትበቃም። ግድግዳዎች የየራሳቸውን ቀለም እርስ በርስ ስለሚያንጸባርቁ ሰፊ ቦታ ላይ ቀለሙ ይበረታል። ቢያንስ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ቀብቶ፣ ዳር ዳሩን ነጭ ትቶ ከየዕቃው አጠገብ እያዞሩ ማየት ይሻላል። አሮጌው ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተሞከረ ናሙና በዙሪያው ባለው ቀለም ይዛባል። የፈረንሳዩ ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል በጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ የጥቁሩ ክር ቀለም ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ነበር። ሲመረምር ክሩ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ያደከመው በአጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። የምርምሩን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ፤ የዛሬ ቀለም ቀቢም በየቀኑ የሚገጥመው ይኸው ነው።

ስለ ምርት ልዩነት አጭር ነገር ልበል። የሴራሚክ ካርቶን ላይ የቀለም ምድብና የትክክለኛ መጠን መለያ ኮድ ይታተማል፤ ሁሉም ካርቶን አንድ ዓይነት ኮድ መያዙ ሳይነጠፍ በፊት ይረጋገጥ። ለብክነት 10 በመቶ፣ በሰያፍ ለሚነጠፍ 15 በመቶ ጨምሮ በአንድ ጊዜ መግዛት፣ ሲነጠፍም ከሦስት አራት ካርቶን እያቀላቀሉ ማውጣት ይገባል። ቀለምም ቢሆን ጣሳዎቹ በሙሉ በአንድ ትልቅ ባልዲ ተገልብጠው ተማስለው ይቀቡ። እንጨት ላይ ናሙናው በዚያው የእንጨት ዓይነት፣ በዚያው ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆና የመጨረሻው ቫርኒሽ ተቀብቶ ካልታየ ዋጋ የለውም። በላመው ቁጥር 220 ወረቀት የተፈቀ እንጨት በሻካራው 120 ከተፈቀው ያነሰ ማቅለሚያ ይመጥጣል፤ የዘይት ቫርኒሽ ወርቃማነት ይጨምራል፣ በውሃ የሚሠራው ግን ብዙም አይቀይርም።

ይህ ሁሉ ተጣርቶም ልዩነቱ ካልጠፋ፣ ማመሳሰሉን መተው አለብን እላለሁ። ዓይን ትንሽ ልዩነትን እንደ ስህተት፣ ትልቁን ደግሞ እንደ ውሳኔ ያነባል። ሁለት ሊመሳሰሉ ጥቂት የቀራቸው ነጮች አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ አንዱ ያረጀ ይመስላል፤ ወይ ሁለቱንም ከአንድ ባልዲ መቀባት፣ ወይም የግድግዳውን ቀለም ነጭ መሆኑ እስኪቀር ድረስ ከሌላው ማራቅ ነው። በቀለም አምራቾች ሠንጠረዥ ላይ ኤልአርቪ የሚባል፣ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የብርሃን ነጸብራቅ ቁጥር ይገኛል። በእኔ ግምት ሆን ተብሎ የተለየ እንዲመስል የሁለቱ ቁጥር ልዩነት ከ20 ባያንስ ይመረጣል። ሁለት ተቀራራቢ የእንጨት ወለሎች በሚገናኙበት ደፍ ላይም ቀጭን የብረት ዘንግ መሃላቸው ቢገባ ንጽጽሩ ይላላል። በእጀታና በቧንቧ በኩል ክሮም ወደ ሰማያዊ፣ ኒኬል ወደ ቢጫ ስለሚያደሉ ጎን ለጎን አይስማሙም፤ ከክሮም ጋር ጥቁር ቢገጠም ያምራል።

የሚለወጠው ሁልጊዜ ለመለወጥ የሚቀለው ይሁን። ድንጋይ፣ ሴራሚክና ወለል ቀድመው ይመረጡ፣ የግድግዳ ቀለም የመጨረሻው ይሁን፤ ቀለም በፈለጉት መልክ ይበጠበጣል፣ ግራናይት ግን አይበጠበጥም። የሴራሚክ ወለሉ ካለቀ በኋላ ወደ ሮዝ ማድላቱ ከታወቀ፣ መጀመሪያ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አጠገቡ አስቀምጦ ማድላቱን ማረጋገጥ ነው። ከዚያ አረንጓዴነት ካለው ግራጫ ግድግዳ መራቅ ይገባል፤ እሱ ሮዙን ያጎላዋል። ከራሱ ከሴራሚኩ ጥቂት ሞቅ ያለ፣ በጣም የነጣ የአሸዋ ቀለም ሲቀባ ሮዙ ወደ ኋላ ይሸሻል።