ጎንደር ፏፏቴ ካማራት የሚቀዳ ይሁን

በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት በተነሳበት ሁሉ ፏፏቴ አብሮ ይነሳል። አደባባይ ላይ፣ መናፈሻ ውስጥ፣ በቀለም መብራት ታጅቦ። ልጆች ይሯሯጡበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ደስ ይላል። «ጎንደርም አንድ ቆንጆ ፏፏቴ ያስፈልጋታል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔም ይኑራት ባይ ነኝ። ግን ሰው የሚቀዳበት ይሁን።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ይባላልና ከጎንደሩ የቀሃ ወንዝ ልጀምር። በአጼ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ያለው እዚያ ነው። ሕንጻው በቅስቶች ላይ ስለቆመ፣ ገንዳው ሲሞላ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ዙሪያውን ያሉት የዋርካ ሥሮች ደግሞ የአጥሩን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጠውታል። ቀርቦ ላየው፣ የቱ ሥር የቱ ድንጋይ እንደሆነ ግራ ይገባል።

ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ የቀሃ ውኃ በቦይ ይገባበታል። ጥር 10 ታቦታቱ ይመጣሉ፣ ካህናቱ እዚያው ያድራሉ። በማግስቱ ውኃው ሲባረክ ጎረምሶቹ ዘለው ይገባሉ፣ ከዳር የቆምነው እንረጫለን። አጠገቤ ያለችው እናት ግን አትዘልም። በሃይላንድ ቀድታ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ፣ ነጠላዋ ሥር ትሸጉጠዋለች። ቤት የተኛ በሽተኛ አለባት። ውኃ ለዓይንም ለሰውነትም ለነፍስም የሆነበት እንዲህ ያለ ቦታ እያለን፣ ዝም ብሎ ወደ ላይ የሚረጭ ነገር ብቻ ቢሠራልን ቅር ይለኛል።

ፏፏቴ ሲባል ሁሉም የሚጠቅሳት ሮም ናት። ትሬቪ የተባለው ዝነኛ ፏፏቴ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1762 ነው። የሚፈስበት ውኃ ግን ወደ ከተማዋ የገባው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት፣ የሮም የጦር አዛዥ የነበረው አግሪጳ ባሠራው ቦይ ነው። ያ ሁሉ ሐውልት የቆመው ቦዩ መሐል ከተማ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው፣ እንግዳ መቀበያ ማለት ነው። ውኃው ቀደመ፣ ጌጡ ተከተለ።

እዚያው ሮም፣ ናቮና አደባባይ ላይ ቀራፂው በርኒኒ እ.ኤ.አ. በ1651 የጨረሰው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ አለ። አንደኛው ወንዝ የኛው ዓባይ ነው። ምንጩ አይታወቅም ተብሎ ፊቱን በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀርጿል። በዚያን ጊዜ ጎንደርን የቆረቆሩት አጼ ፋሲል ዙፋን ላይ ነበሩ። የሰከላ ሰው ደግሞ የዓባይ ምንጭ ወደሆነው ግሽ ዓባይ ወርዶ ይጠጣ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

እኔን ይበልጥ የሚማርኩኝ ግን ናዞኒ የሚሏቸው ትንንሾቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ በየመንገዱ የተተከሉ የብረት ቧንቧዎች ናቸው፣ ትርጉሙም «ትልልቅ አፍንጫዎች» ነው። አፉን በጣት ስትይዘው ውኃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ቅስት ሠርቶ ይወጣል፣ ጎንበስ ሳትል ትጠጣለህ። ለሀብታምም ለደሃም በነፃ።

ወደኛ ልመለስ። ለከተማችን ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ደለል ሲያስቸግረው ኖሯል። ሰፈራችን ቧንቧው ሲጠፋ ቢጫ ጀሪካን በመስመር ይደረደራል፣ ወረፋ የሚይዙት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብለው የቤት ሥራ ሲሠሩ አይቻለሁ። በዚያ ወረፋ አጠገብ ውኃ በመብራት ቢጨፍር እንዴት ያስችላል?

ስለዚህ መስመሩ መጀመሪያ ይስተካከል። ከዚያ ውኃው በሚደርስበት በየሰፈሩ ቦኖውን እናሳምረው። የዛሬው ቦኖ ሲሚንቶና ብረት ነው። ይህ ከተማ ድንጋይ የሚጠርብ እጅ አላጣም። እንደ ፋሲል ግቢ ድንጋይና ኖራ ይሁን፣ ቅስት ይኑረው። ጀሪካን የሚቀመጥበት ደረጃ ይሠራለት፣ ለልጆች ዝቅ ያለ አፍ ይውጣለት። የሚተርፈው ውኃ ለአህዮች ወደ ገንዳ፣ ከዚያም ዳር ወደተተከለ የዋርካ ችግኝ ይውረድ።

የመጀመሪያው ከፒያሳ ይልቅ ወረፋው በሚረዝምበት ሰፈር ቢሠራ ደስ ይለኛል። ሲመረቅም ሪባኑን ትተን፣ ከወረፋው ፊት ያለችው ልጅ ጀሪካኗን ትሙላ።