ጉንፋንና የማኅፀን በር ካንሰር ምን አገናኛቸው?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አጀንዳው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ነው። አንድ ተጋባዥ ተናጋሪ ማይኩን ይዘው «ቫይረስ ካንሰር አያመጣም፤ ቢያመጣማ ኖሮ በየክረምቱ ጉንፋን የሚይዘን ሁላችንም ካንሰር በያዘን ነበር» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። መድረክ ላይ ከነበሩት የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች አንድም ያረማቸው የለም። ወላጅ ያልፈረመላት ልጅ እንደማትከተብ ተነገረንና ወረቀት ታደለን። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ ወረቀቷን አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አብሽሪ፣ ቫይረስ አያመጣውም ብለዋል እኮ» አለችኝ።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ እሱንና ጉንፋንን የሚያገናኛቸው «ቫይረስ» የሚለው ስም ብቻ ነው። ድመትና ነብርም ወገናቸው አንድ ነው። ድመት ሰው ስላልበላች ነብርም አይበላም ይባላል?

የጉንፋን ቫይረስ ተባዝቶ በቀናት ውስጥ ይሄዳል። ኤችፒቪ ግን ቤት ይዞ የሚቀመጥ ነው። የሚባዛው በሴሉ የራሱ መሣሪያ ስለሆነ፣ ሴሉ መከፋፈል እንዲያቆም አይፈልግም። የሚያስቆም ጠባቂ ደግሞ አለ፤ ፒ53 የሚባል ፕሮቲን። ዘረመል ሲጎዳ ወይ ሥራውን ያስቆማል፣ ወይ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። ይህ ጠባቂ እንዴት እንደሚወገድ ሰው ሁሉ ቢያውቅልኝ እወዳለሁ።

መንገድ ሲሰፋ የሚፈርስ ቤት ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። ቀለሙ አንዴ ካረፈ ዶዘሩ የማን ቤት ነው ብሎ አይጠይቅም። ሴልም ውስጥ እንዲሁ ነው። ያረጀና የተበላሸ ፕሮቲን ላይ ዩቢኩዊቲን የምትባል ትንሽ ፕሮቲን ትለጠፍበታለች፤ ከዚያ ፕሮቲየሶም የሚባለው መፍጫ ውስጥ ይገባል። ይህን አሠራር ያገኙት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። ኤችፒቪ ታዲያ ኢ6 የምትባል ፕሮቲን አለችው። ከሴሉ ቀለም ቀቢዎች፣ ማለትም ዩቢኩዊቲንን ከሚለጥፉት ፕሮቲኖች፣ አንዱን፣ በደህና ቀን ፒ53ን የማይነካውን፣ ይዛ ጠባቂው ደጃፍ ታቆመዋለች። ቀቢው ይቀባል፤ መፍጫው ይፈጫል። ቀለሙ የእኛ፣ ቀቢው የእኛ፣ ዶዘሩ የእኛ! ኢ7 የምትባለው እህቷ ደግሞ አር ቢ የተባለውን ሌላ ጠባቂ በዚያው መንገድ ታስፈርሰዋለች።

በሌሎች ብዙ ካንሰሮች የፒ53 ጂን ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል። በማኅፀን በር ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጂኑ ደህና ነው። ሴሉ ጠባቂውን እየሠራ ያቆማል፣ ቫይረሱ እያስቀባ ያስፈጫል። በቤተ ሙከራ ኢ6ና ኢ7 እንዳይሠሩ ሲደረግ ፒ53 ተመልሶ ይነሳል፤ የካንሰሩ ሴሎችም መከፋፈል ያቆማሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይምጣ? ይህን የሚያደርግ የትኛው ጉንፋን ነው?

አዎ፣ ኤችፒቪ የያዛት ሴት ሁሉ ካንሰር አይዛትም። ብዙውን ጊዜ ሰውነት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያጸዳዋል። ካላጸዳው ግን ወደ ካንሰር እስኪለወጥ 15 እና 20 ዓመት ይፈጃል፤ «አይተን አናውቅም» የሚያስብለውም ይህ ርዝመቱ ነው። በወጣትነቷ የገባባት፣ ልጆች አሳድጋ «ደም አላቆም አለኝ» ስትል ይገለጣል።

«ክትባቱ ራሱ ቫይረስ ነው» ያሉም ነበሩ። አይደለም! በውስጡ ያለው የቫይረሱ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ኢ6ም ኢ7ም የሉበትም። ከአሥር የማኅፀን በር ካንሰር ሰባት ያህሉን የሚያመጡት ኤችፒቪ 16 እና 18 የሚባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች ናቸው፤ ክትባቱም ሁለቱን ይከላከላል። ግን የገባውን አያስወጣም፤ ሳይገባ ነው መቅደም ያለበት። ለዚህ ነው ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች የተመረጡት።

የጎረቤቴ ልጅ በጥር 15 ዓመት ይሞላታል። ትናንት ቡና ልጠጣ ገብቼ ነበር፤ ወረቀቱ ሳይፈረም ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል።