ፍሬዲ ሜርኩሪ አነቃቂ ሆነላችሁ

ሰሞኑን ቴሌግራሙም ፌስቡኩም የሚቀባበለው ምስል አለ። ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሪዛም ሰው ጡጫውን ወደ ሰማይ ወርውሯል። ከሥሩ «የሮክ ኮከብ አልሆንም፤ ታሪክ የማይረሳው ሰው እሆናለሁ» ይላል። ቀጥሎ «ፍሬዲ ሜርኩሪ፣ ለኢትዮጵያ በዘፈነበት ቀን፣ 1985»። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የኩዊን ዘፋኝ ማለታቸው ነው። ከዚያ ከፍሬዲ ስም በሦስት እጥፍ የገዘፈው የቻናሉ አድራሻ ይመጣል፣ ሼር ያድርጉ፣ ሕይወት ይቀይሩ።

ከጃኬቱ እንጀምር። ለኢትዮጵያ ረሃብ ገንዘብ የተሰበሰበበት ኮንሰርት፣ ላይቭ ኤይድ፣ በተካሄደበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985፣ ፍሬዲ ዌምብሌይ ስታዲየም የወጣው እጅጌ በሌለው ነጭ ካናቴራና በጂንስ ነው። ቢጫው ጃኬት የ1986ቱ የኮንሰርት ጉዞ ልብስ ነው። በ1986ም እዚያው ዌምብሌይ ስለዘፈነ ፎቶ ፈላጊው ይምታታበታል። ለነገሩ ማን ሊያጣራ!

የካርዱ አሠራር የታወቀ ነው። ቀንም ቦታም ካልተጻፈበት የእንግሊዝኛ ዝርዝር አንድ መስመር ይነሳል። ለመተርጎሚያው ይሰጣል። የወጣው አማርኛ ስለሚንሻፈፍ ይታረማል፤ ሲታረም ቀልዱ ይወጣና ምክር ይገባበታል። ፎቶው ይጠቁራል፣ ፊደሉ ነጭ ይሆናል፣ አለቀ። ዋናው ጥፋት ግን የሚፈጸመው ሁለተኛው ካርድ ላይ ነው። ሁለተኛው ሰው የሚቀዳው ከመጀመሪያው ካርድ ነው፤ ቀንና ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ደስ ያለውን ይሞላበታል። ሦስተኛው ደግሞ ቀንና ቦታ ስላየ ያምናል።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉ አባቶች ቢያንስ ቃሉ መጀመሪያ ከአፍ ይወጣል ብለው ታምነው ነበር። እንዴት ያለ ተረት ነው! በሦስት ቃል ተናጋሪውን አፍህን ሰብስብ ይለዋል። ዛሬ አፉን የሰበሰበውም አልዳነም፤ ሳይናገር አፋፍ ላይ ያገኘዋል፣ ሞቶም ቢሆን። አንስታይን ስለ ትዳር ይመክራል፣ ማንዴላ በጠዋት ተነሱ ይላል።

በዚህ በኩል የሚኒባስ ታክሲ ጥቅስ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ስለ ሂሳብ፣ ስለ በር አዘጋግ፣ ስለ ምቀኛ ጎረቤት የተለጠፈው ሁሉ ባለቤት የለውም፤ ሶቅራጥስ ብሎታል አይልም። ካሳቀ ተሳፋሪ ይስቃል፤ ካላሳቀ ወራጅ ብሎ ይወርዳል።

«ለኢትዮጵያ በዘፈነበት ቀን» የምትለዋ ግን የቆየ ቂም ትቀሰቅሳለች። በ1984 መጨረሻ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው ለረሃቡ ያወጡት ዘፈን፣ እነዚህ ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ማንን ነው የሚጠይቀው? ወሎን! ላሊበላ ያለበትን፣ ለገና ካህናቱ ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» የሚያዜሙበትን ወሎን! ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እንግሊዞችን ሊያጠምቅ የተላከው አውግስጢኖስ ካንተርበሪ የደረሰው በ597 ነው። ወንዝ አይፈስበትም ሲልስ ዓባይን የት አደረሰው? ገንዘቡ ነፍስ አትርፏል፣ አይካድም። ረሃቡን ጦርነቱና መንግሥቱ እንዳባባሱት ግን ዘፈኑ ትንፍሽ አላለም።

ፍሬዲ እዚያ ዘፈን ላይ የለበትም። ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ኩዊን ሰን ሲቲ ሄዶ ዘፍኗል፤ አፓርታይድ በሚገዛት ደቡብ አፍሪካ፣ የተባበሩት መንግሥታት አርቲስቶች እንዳይሄዱ እየጠየቀ። ዛንዚባር ስለተወለደ ብቻ «የአፍሪካ ልጅ» እያላችሁ ካርድ የምትሠሩ፣ ይሄንንስ ለምን አትለጥፉትም?

ብቻ ስለ አነጋገሩ ነበር የተነሳነው። ሰውዬው አፈ ጮሌ ነበር፤ ጮሌነቱ ግን መጀመሪያ የሚያርፈው ራሱ ላይ ነው። ታሪክ አይረሳኝም አለ የሚባለው ይኸው ሰው፣ ዘፈኖቼን ሰምታችሁ እንደተጠቀማችሁበት ሶፍት ጣሏቸው ብሏል። ራሱን የሙዚቃ ሴተኛ አዳሪ ብሎ ጠርቷል፣ «የኔ ውድ» ጨምሮበት። በ1977 ለንደን ውስጥ ኩዊንና የፓንክ ሮክ ባንዱ ሴክስ ፒስቶልስ አንድ ስቱዲዮ ግቢ ሲቀርጹ፣ የፒስቶልሱ ሲድ ቪሸስ ገብቶ የባሌ ዳንስን ለሰፊው ሕዝብ አደረስከው ወይ ብሎ ተሳለቀበት። የሲድ የመድረክ ስም ክፉው እንደማለት ነው። ፍሬዲ ሳይመን አውሬው ብሎ ስም አወጣለትና የተቻለንን እያደረግን ነው፣ የኔ ውድ ብሎ ሸኘው። ወሬው በየተራኪው መልኩን ይለውጣል፤ ስም ማውጣቱን ግን ፍሬዲ ራሱ አውርቶታል።

ቃለ ምልልሶቹን ያየ ሌላም ነገር ያስተውላል። ላይኛው መንጋጋው ላይ አራት ትርፍ ጥርስ ነበረው፤ ሳቅ ሲመጣበት ከንፈሩን ወደ ታች ይስባል፣ ካልሆነም እጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ቀልዱን ጨርሶ አፉን ይሸፍናል። ካርዱ ላይ ያለው ባለ ጡጫ ሰውዬ እንዲህ አያደርግም፤ እሱ አነቃቂ ነው፣ ራሱ ላይ አይስቅም።

በላይቭ ኤይድ ቀን ዌምብሌይ ላይ ደግሞ ከ21 ደቂቃው ዝግጅት ሰው የያዘው «ኤ...ኦ» የሚለውን ነው። አዝማሪ ቤት ግጥም ሰጪው እንግዳ «ተቀበል» ይላል፣ አዝማሪው ይቀበላል። እዚህ ተገልብጦ ዘፋኙ ሰጪ፣ ከ70 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተቀባይ ሆነ። አጭር ይሰጣቸዋል፣ ይመልሳሉ፤ ያስረዝመዋል፣ ይመልሳሉ፤ ጉሮሮ የሚፈትን ዜማ ይወረውራል፣ እንደምንም ብለው ይመልሳሉ። ይሄ ካርድ ላይ አይጻፍ ነገር!

ለሕዝብ ያደረሰው የመጨረሻ ቃል ጌጥ የለውም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1991 በመግለጫ ኤድስ እንዳለበት አስታወቀ፤ እስከዚያ ዝም ያለውም በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ግላዊ ሕይወት ለመጠበቅ እንደሆነ ተናገረ። በማግስቱ ሞተ። ለዚህኛው ዳራ ሙዚቃ አይጨመርበትም።

ካርድ መሥራት የግድ ከሆነ፣ ምንጩ የታወቀ አንድ አለ። በ1985 ባወጣው የብቻው አልበም ላይ መታሰቢያነቱን ለድመቱ ለጄሪ፣ ከዚያም ለቶም፣ ለኦስካር፣ ለቲፋኒና በዓለማት ሁሉ ላሉ ድመት ወዳጆች ይሰጣል፤ ሌላው ሁሉ ገደል ይግባ ብሎ ይዘጋል። የታተመ ነው፣ ዓመቱም አለ። ግን አትሠሩትም፤ ሼር አድርጉ ከምትሉት ሕዝብ ግማሹ ድመት አይወድም።