ከጎል ጀርባ የቆመችው ሙሽራ

የሀዋሳ ልጆች ኳስ አያድግም የምትሉ ሰዎች፣ ያለፈው እሁድ እኛ ሰፈር ሜዳ ብትገኙ ኖሮ አፋችሁን ትይዙ ነበር። የክረምቱ የታዳጊዎች ውድድር ፍጻሜ ነበር። ስፖንሰሩ መኪና ሻጭ ነው። የትኛው እንደሆነ ምን አስጠየቃችሁ፤ እናንተም ሰፈር አለ።

መቼም ስፖንሰር ሲያምር! ባነሩ ሜዳውን ሊስተካከል ምንም አልቀረው። የውድድሩን ስም ፈልጌ ፈልጌ ከስልክ ቁጥሩ ሥር አገኘሁት። በቀደም ለሩጫ ያደሉት ቲሸርትም ያው ነው፤ የድርጅቱ ስም ደረት ላይ፣ የሩጫው ስም ብብት ሥር።

ጨዋታው 3 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ 4 ተኩል ተጀመረ። የክብር እንግዳዋ ስላልደረሰች ነው። የክብር እንግዳዋ መኪናዋ ናት። ነጭ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቀይ ሪባን የታሰረላት። የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ እንዲህ ያሉ ሙሽሮች በዝተዋል። ሙሽራችን ለካሜራ እንድትመች ከጎሉ ጀርባ፣ መረቡ ሥር ቆመች። አንድ ዘበኛ ጨርቅ ይዞ አጠገቧ ተተከለ። ጭቃ በተፈናጠረ ቁጥር ይወለውላታል።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ኳስ የትም አላየሁም። የመድረክ መሪው በማይክ «ልጆች፣ ጠንከር አድርጎ መምታት የለም፣ አደራ!» አለ። አጥቂዎቻችን ጨዋ ናቸው፣ ታዘዙ። ጎል አፍ ሲደርሱ ኳሷን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው ያንከባልሏታል። በረኛው ቁጭ ብሎ ይቀበላል። አንዱ ልጅ በረኛውን አልፎ ባዶ ጎል አገኘ። ቆመ። ጎሉን አየ። መኪናዋን አየ። ዘበኛውን አየ። ዘበኛውም አየው። ልጁ ዞረና ኳሷን ለራሱ ተከላካይ መለሰ። ተጨበጨበለት! ይሄ ሁሉ ሲሆን ኮሜንታተሩ የባትሪውን ዋስትና እያነበበ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ደግሞ ዘበኛው ጨርቁን እንደያዘ ከበረኛው ጎን ቆመ። ዳኛው ዝም። ሁለት በረኛ የተፈቀደው እኛ ሰፈር ነው። ዜሮ ለዜሮ አለቀ። መለያ ምቱ ለመኪናዋ ደህንነት ሲባል ቀረና በሳንቲም ተለዩ።

ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው ከጎል ጀርባ መኪና ሳይቆምለት ነው። እንዴት እንደቻለ እስካሁን ይገርመኛል።

አንድ ነገር ግን አላስቀኝም። ከእረፍት መልስ አንድ ልጅ ተጠልፎ ወደቀና እጁ ተሰበረ። ፋሻ የለም። በረዶ የለም። እናቱ እየጮኸች ሜዳ ገባች። ትንሽ ራቅ ብሎ አራት በሯን የከፈተች መኪና ቆማለች። «የወንበሩ ላስቲክ አልተነሳም» ተባለ። የልጅ እጅ ተንጠልጥሎ፣ ላስቲክ! ይሄ ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም። ልጁ በባጃጅ ሄደ። ባለባጃጁ ሂሳብ አልቀበልም አለ። እሱ ስፖንሰር አይደለማ።

ወደ ሽልማቱ እንመለስ። አልጋ ልብስ የሚያክል ቼክ ለአምበሉ ተሰጠ። 14 ዓመቱ ነው። ጠጋ ብዬ ሳነበው «አዲስ መኪና ለሚገዛ የ50,000 ብር ቅናሽ» ይላል። ልግስና እንዲህ ነው! ልጁ ቼኩን ገለባብጦ ሲያበቃ «ጋሼ፣ በዚህ ታኬታ ይሰጣሉ?» አለኝ። ያደረገው ታኬታ ግራና ቀኙ የተለያየ ነው።

አለቅየው በመጨረሻ «እኛ የስፖርቱ ቤተሰብ ነን» አሉ። አልጠራጠርም። ፎቶ ሲነሳ ብቻ ብቅ የሚል ዘመድ ሁላችንም አለን። ለከርሞ ሁለት መኪና ይዘው እንደሚመጡም ቃል ገብተዋል፤ ለየጎሉ አንድ አንድ። በረኞቹ ከአሁኑ ደስታውን አልቻሉትም።