ሃያ ሦስት ደቂቃ ማን ይታገሳል?

ፕሮግሬሲቭ ሮክ በሚባለው፣ ረጃጅምና ውስብስብ ዘፈን በሚሠራበት የሮክ ዘርፍ ላይ የሚወርደው ሐሜት ያው የድሮው ነው። ዘፈኑ አያልቅም፣ ሙዚቀኞቹ ችሎታቸውን ማሳየት ይወዳሉ፣ ግጥሙም ሰማይ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ሐሜቱ መሠረት የለውም አይባልም። የስ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው አልበም ሁለት ሸክላ ሆኖ አራት ዘፈን ብቻ ነበረው። አራት! የባንዱ ኪቦርዲስት ሪክ ዌክማን ራሱ ስላልጣመው በዓመቱ ጥሏቸው ሄደ።

ታዲያ ይህ ሙዚቃ ከ50 ዓመት በላይ በምን ዘለቀ? ብዙ ሰው “በችሎታ” ይላል። እኔ አልስማማም። ጣቱ የሚበርር ጊታሪስት በየዘመኑ ሞልቷል። የእነዚህ ሰዎች ብልሃት አድማጭን ሰቅዞ ይዞ በሰዓቱ መልቀቅ ነው።

ፒንክ ፍሎይድ የተባለውን ባንድ “መኒ” (ገንዘብ) ውሰዱ፤ በ1973 የወጣ ነው። በሳንቲም ኮሽታና በካሽ ሬጂስተር ድምፅ ይጀምራል። ከዚያ ቤዝ ጊታሩ ይገባል። ምቱን በእግራችሁ ለመያዝ ሞክሩ። እስከ ሰባት ይሄድና እንደገና ከአንድ ይነሳል። ጆሮ የለመደው አራት አራት ስለሆነ ስምንተኛውን ሲጠብቅ ይቀርበታል። እግር ይሳሳታል፤ ዜማው ግን ስለሚጥም ማንም አያቋርጠውም። ሳክስፎኑም በዚያው በሰባት ይቀጥላል። የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ሲገባ ግን ምቱ ወደ አራት ይዞራል፤ ያኔ ትከሻ ሁሉ ዘና ይላል። ይህን ለመስማት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም። “መኒ” ያለበት አልበም በአሜሪካው የአልበም ደረጃ ሰንጠረዥ በቢልቦርድ ላይ ከ700 ሳምንት በላይ የቆየው ምት ቆጣሪዎች ብቻ ገዝተውት አይደለም።

ርዝመቱም ዝም ብሎ አይደለም። ጀነሲስ የተባለው ባንድ በ1972 ያወጣው “ሰፐርስ ሬዲ” 23 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሰባት ክፍል አለው፤ መግቢያው ላይ የሰማነው ዜማ መጨረሻው ላይ ገዝፎ ይመለሳል። በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ የተመለሰ ዜማ ገና መቼ ናፈቀንና!

በ1970ዎቹ አጋማሽ ፐንክ የተባለው አጭርና ያልተቀባባ የሮክ ዓይነት መጥቶ በዚህ ሁሉ አሾፈ፤ ፕሮግሬሲቮቹም ግማሹ ይገባቸው ነበር። የካናዳው ራሽ ግን የሚገርመኝ ባንድ ነው። የ1975 አልበማቸው ስላልተሸጠ አሳታሚው አጠር አጠር ያለ ዘፈን እንዲሠሩ ወተወታቸው። እነሱ በ1976 የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ ለአንድ ዘፈን ሰጡት። “2112” ይባላል። ከመበተን ያዳናቸውም እሱው ነው።

ዛሬ ደግሞ ሂሳቡ ራሱ በረጅም ዘፈን ላይ ፈርዷል። በኢንተርኔት ሙዚቃ በሚያስደምጠው በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ የሚባለው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው፤ የሁለት ደቂቃውም የሃያ ሦስት ደቂቃውም እኩል አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። እንዲህም ሆኖ ቱል የተባለው ባንድ ከ13 ዓመት ዝምታ በኋላ በ2019 ባወጣው አልበም ብዙዎቹ ዘፈኖች ከአስር ደቂቃ ያልፋሉ። አልበሙ ግን የፖፕ ኮከቧን ቴይለር ስዊፍትን አውርዶ በቢልቦርድ አንደኛ ወጣ። ቱልን ሜታል (ከባዱ የሮክ ዓይነት) ነው የሚል አለ፤ ይበል። አካሄዱ ግን ከዚያው ከፕሮግሬሲቭ ሮክ ቤት ነው።

መሞከር ለሚፈልግ ሰው የምጠቁመው ኪንግ ክሪምሰን የተባለውን ባንድ የ1969 አልበም ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ጩኸት ከበዛባችሁ አትሸሹ፤ ሁለተኛው በዋሽንት የሚጀምር ለስላሳ ነው።