እህትነቱ በክፍያ ነው

ሶሮሪቲ (የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች «እህት» የሚባባሉበት ማኅበር) ገባሁ ስላት እማዬ «እንደ ማርያም ማኅበር ነው?» አለችኝ። አሜሪካ ስንት ዓመት ኖራም አልገባትም። «እንደዛ ነገር» አልኳት። ውሸቴን ነው። ማኅበር ተራሽ ሲደርስ ትደግሺያለሽ፣ በቃ። እዚህ በየሴሚስተሩ መዋጮ አለ፤ ከስብሰባ ከቀረሽ ቅጣት። ለየዝግጅቱ አዲስ ቲሸርት፣ በገንዘብሽ!

ለመግባቱማ፣ ራሽ በሚሉት የምልመላ ሳምንት ከአንዱ ሶሮሪቲ ቤት ወደ ሌላው እየዞርኩ ጉንጬ እስኪደነዝዝ ፈገግ አልኩ።

አሁን ደግሞ የሶሮሪቲው ቤት ውስጥ መኖር ግዴታ ነው ተባልኩ። አልጋ ባዶ ከቀረ የቤቱን ወጪ ማን ይሸፍናል? አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ነው የምንተኛው። ሦስቱ ማንቂያቸውን አምስቴ ያስጮሃሉ። ወጥ ቤቱ ማታ ይቆለፋል። አንድ ቀን ሽሮ ብሠራ «ምንድነው የሸተተው?» ብለው መስኮት ከፈቱ። በጥር!

የሚያበግነኝ ግን መጠጡ ነው። አልጠጣም፣ ነገሩ ግን ያናድዳል። እኛ ቤት ጠብታ ክልክል ነው፤ የወንዶቹ ማኅበር፣ ፍራተርኒቲ ቤት ግን ሲፈስ ያድራል። ስለዚህ ፓርቲ ሁሌ እነሱ ጋ፣ በነሱ ሕግ።

ውሉን ፈርሜያለሁ፤ እስከ ግንቦት እዚሁ ነኝ። ዛሬ ማታም ስብሰባ አለ፣ ነጭ ልበሱ ተብሏል። ነጭ ቀሚሴን ደግሞ አንዷ «እህቴ» ለብሳው ወጥታለች።