ጦረኛው ቁጭ ብሎ ጨረቃ ሲያይ

ስለ ጃፓናዊው ሰዓሊ ዮሺቶሺ ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 እና በ1867 ከአንድ የሙያ ባልደረባው ጋር ያወጣቸው የግድያ ስዕሎች እስከ ዛሬ ከስሙ አልተለዩም። እኔ ግን ሊታወቅበት የሚገባው በሌላ ሥራ ነው እላለሁ። ኡኤሱጊ ኬንሺንን በጦር ሰፈሩ ተቀምጦ ባሳየበት የእንጨት ህትመት።

ኬንሺን የዋዛ ሰው አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኤቺጎ የተባለው የጃፓን ግዛት ጌታ ነበር፤ “የኤቺጎ ዘንዶ” ይሉታል። ከ1553 እስከ 1564 ባለው ጊዜ ከባላንጣው የጦር አበጋዝ ከታኬዳ ሺንገን ጋር ካዋናካጂማ በተባለ ሜዳ ላይ አምስት ጊዜ ተፋጧል። ብዙ ሰዓሊዎች ፈረስ ላይ አውጥተው ሰይፍ አስመዝዘውታል። ዮሺቶሺ አስቀመጠው። ቀና ብሎ ጨረቃዋን አቋርጠው የሚሄዱትን የዱር ዝዮች ያያል፣ በቃ። ጠላቱ ስዕሉ ውስጥ የለም።

እንደሚተረከው ኬንሺን በ1577 ኖቶ በተባለ ግዛት የናናኦን ምሽግ ከቦ ሳለ ግጥም ገጥሟል። ሰፈሩን ስለሞላው ውርጭ፣ ስለ ጠራው አየር፣ ተሰልፈው ስለሚያልፉት ዝዮችና ስለ እኩለ ሌሊቷ ጨረቃ። በዓመቱ ሞተ። ይህን ካወቁ በኋላ ያንን አቀማመጥ በቀላሉ አልፎ መሄድ ይከብዳል።

የስዕሉ እርጋታ ደግሞ የአንድ ሰው እጅ ብቻ አይደለም። የሰዓሊውን መስመር ቀራጩ በቼሪ እንጨት ላይ ያወጣዋል። ለየቀለሙ ሌላ ሰሌዳ ይቀረጻል። የሰማዩ ቀለም ቀስ እያለ እንዲሳሳ አታሚው ሰሌዳውን በእጁ እየጠረገ ያትማል።

ዮሺቶሺ በስተመጨረሻ ለሰለሰ የሚሉ አሉ። በፍጹም አልስማማም። በ1868 ቶኪዮ ውስጥ ኡዌኖ ላይ የተደረገውን ውጊያ በቅርብ ያየ ሰው ነው። በ1872 አእምሮው ታወከ፣ በድህነትም ማቀቀ። ይህ ስዕል ያለበትን “የጨረቃ መቶ ገጽታዎች” የተባለ ተከታታይ ሥራ የጀመረው ያን ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በ1885 ነው። ጦርነት ምን እንደሆነ ስላወቀ ነው ጦረኛውን እንዲህ ማሳረፍ የቻለው።

የግድያ ስዕሎቹን ብቻ ነጥለው የሚያሳዩ ሰዎች ዮሺቶሺን በ28 ዓመቱ ላይ ያቆሙታል። እሱ ግን በ1892 እስኪሞት ድረስ ሌላ 25 ዓመት ሠርቷል።